ባስ ዓሣን በአፉ መለየት፦ ከሲታክ ሐይቅ ዳር እስከ ማዕድ

ከሲያትል ታኮማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሲታክ ከተማ ውስጥ፣ አንግል ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ። ስፋቱ 102 ኤከር፣ ማለትም 41 ሄክታር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው እንደ ክርን ከታጠፈው ቅርጹ ነው። በሐይቁ ስም የተሰየመው የቀላል ባቡር ጣቢያ እአአ በ2016 ተከፍቶ ለዓመታት የመስመሩ የደቡብ ጫፍ ሆኖ ስለቆየ፣ በአካባቢው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል "አንግል ሌክ" ሲባል ባቡሩ እንጂ ውኃው ትዝ የማይለው ጥቂት አይሆንም።

ውኃው ግን እዚያው አለ። ከዋናው ጎዳና ዳር ባለው የከተማዋ መናፈሻ በኩል ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው፣ አውሮፕላኖች ከራሱ በላይ ሲያልፉ እየሰማ መንጠቆ መጣል ይችላል። የሚወጣለት ዓሣ ብዙ ጊዜ ሬይንቦ ትራውት ወይም የሎው ፐርች ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ዘንጉን ወደ ታች የሚያጎብጥ፣ ከውኃ በላይ ዘሎ ራሱን የሚያራግፍ፣ አረንጓዴ ጀርባ ያለው ዓሣ ይመጣል። ይህ ባስ ነው።

የያዙትን ዓሣ ማወቅ ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ ዕውቀት ይመስላል። በዋሽንግተን ግዛት ግን ዓሣውን ይዞ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ስንት መያዝ እንደሚቻል፣ ከዚያም አልፎ በቤት ውስጥ ማን ምን ያህል ቢበላው እንደሚሻል የሚወስነው የዓሣው ዝርያ ነው።

ስሙና አመጣጡ

ባስ በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። በሲያትል ዙሪያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው በእንግሊዝኛ "ላርጅማውዝ ባስ" ይባላል፤ አፈ ሰፊ ባስ ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው "ስሞልማውዝ ባስ" ነው፤ አፈ ጠባብ ባስ። አፈ ጠባብ የተባለው ከወንድሙ ጋር ተነጻጽሮ ነው እንጂ፣ ክሬይፊሽ የሚባለውን ቅርፊታም የውኃ እንስሳ እንዳለ ለመዋጥ የማይቸገር አፍ አለው። የእንግሊዝኛ ስሞቹን ማስታወስም አይከፋም፤ የደንብ መጽሐፉም ሆነ በሐይቅ ዳር የሚለጠፉት ማሳሰቢያዎች የሚጠቀሙት እነርሱን ነው።

ሳይንሳዊ ስማቸው "ማይክሮፕቴረስ" የሚል መጠሪያ ይጋራል፤ "ትንሽ ክንፍ" እንደማለት ነው። የስሙ ታሪክ ፈገግ ያሰኛል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ እአአ በ1802 ዓሣውን ሲመዘግብ ከፊቱ የነበረው ናሙና የጀርባ ክንፉ የተቀደደ ነበር። ተመራማሪው የተቀደደውን ቁራጭ ራሱን የቻለ ትንሽ ክንፍ አድርጎ ቆጠረው። ስህተቱ በኋላ ቢታወቅም ስሙ አልተቀየረም።

ሁለቱም የምሥራቅና የመካከለኛው ሰሜን አሜሪካ ዓሦች ናቸው። ከሮኪ ተራሮች ወዲህ ባለው ምዕራብ አልነበሩም፤ ወደ ዋሽንግተን ግዛት ሰዎች ያመጧቸው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። አፈ ሰፊው ከአሜሪካም ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። ጎረቤታችን ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ጃፓን የደረሰው በ1925 ሲሆን፣ ዛሬ አገሪቱ የአገር በቀል ዓሦች ጠላት አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ከ2005 ጀምሮም በሕይወት ማጓጓዝን በሕግ ከልክላለች። ይህም ሆኖ በዓለም እስካሁን ከተመዘገቡት ትልቅ አፈ ሰፊ ባሶች አንዱ የተያዘው እዚያው ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ፣ በ2009 ነው። ዓሣው ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን፣ ከ1932 ጀምሮ በጆርጂያ ግዛት ተይዞ ከነበረው ክብረ ወሰን ጋር እኩል ሆኗል። የዋሽንግተን ግዛት ክብረ ወሰን በ2016 በስኖሆሚሽ ካውንቲ ቦዝዎርዝ ሐይቅ የተያዘው ሲሆን፣ ክብደቱ 12.53 ፓውንድ ወይም 5.7 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር።

መጀመሪያ አፉን ይመልከቱ

ዓሣን በአፉ መለየት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በጣና ሐይቅ የሚገኙት ላቢዮባርበስ የሚባሉት 15 ገደማ ዝርያዎች እርስ በርስ የሚለዩት በዋነኛነት በአፋቸው፣ በከንፈራቸውና በጭንቅላታቸው ቅርጽ ነው። የአንደኛው ሳይንሳዊ ስም ራሱ "ትልቅ አፍ" ማለት ነው። በሲያትል ሐይቆችም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

የዓሣውን አፍ ይዝጉና ከጎን ይመልከቱ። የላይኛው መንጋጋ ከዓይኑ የኋላ ጠርዝ አልፎ ከሄደ አፈ ሰፊው ነው። ከዓይኑ ሥር ከቆመ ደግሞ አፈ ጠባቡ ነው። አፉ ተከፍቶ ሳለ መለካት ያሳስታል።

በዚህ ብቻ እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ ጀርባውን ማየት ነው። ባስ የጀርባ ክንፉ ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው እሾሃም፣ የኋለኛው ለስላሳ ነው። በአፈ ሰፊው በሁለቱ መካከል ያለው ስርጉድ ጥልቅ ስለሆነ ክንፉ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። በአፈ ጠባቡ ስርጉዱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ክንፉ ወጥ ሆኖ ይታያል። እሾሁ ስለሚወጋ ክንፉን በጣት ለመዘርጋት ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከኋላ ወደ ፊት መግፋት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ እጁን ይጠንቀቅ፤ እሾሁ ሲነሳ ነው የሚወጋው።

ቀለም ሦስተኛ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይታመንም። አፈ ሰፊው አረንጓዴ ሆኖ በጎኑ ከራስ እስከ ጭራ የሚሄድ ጠቆር ያለ ረድፍ አለው። አፈ ጠባቡ የነሐስ ወይም ቡናማ መልክ ያለው ሲሆን፣ በጎኑ ያሉት ጥላ መሰል መስመሮች ከላይ ወደ ታች የወረዱ ናቸው። ዓይኑም ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል። ችግሩ ቀለሙ እንደ ውኃው፣ እንደ ብርሃኑና እንደ ዓሣው ድንጋጤ መለዋወጡ ነው። ከደፈረሰ ውኃ የወጣ አፈ ሰፊ የጎኑ ረድፍ እስከማይታይ ድረስ ሊገረጣ ይችላል። ትንንሾቹን አፈ ጠባቦች ለመለየት ግን ጭራቸው ይረዳል፤ ሥሩ ወደ ብርቱካንማ ያደላ፣ መሃሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ነጭ ነው።

ባስ የሚመስሉ፣ ባስ ያልሆኑ

ከሁሉ የከፋው ስህተት አፈ ሰፊውን ከአፈ ጠባቡ ማምታታት አይደለም፤ ሳልመንን ወይም ትራውትን ባስ ብሎ መያዝ ነው። ለሳልመንና ለትራውት የወጣው ደንብ እጅግ ጥብቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ሳልመንና ትራውት ከጀርባ ክንፋቸው ኋላ፣ ጭራቸው አጠገብ፣ እሾህም ዘንግም የሌላት ትንሽ ሥጋ መሰል ክንፍ አለቻቸው። ባስ ይህች ክንፍ የለችውም። በማርቢያ ያደጉ ሳልመኖች ለምልክት ሲባል ይህቺው ክንፍ ስለምትቆረጥ፣ ክንፏን ማጣት ብቻውን ዓሣውን ባስ አያደርገውም፤ በጀርባው ፊት ለፊት ጠንካራ እሾህ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሎው ፐርች ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች ስላሉት ለጀማሪ ከአፈ ጠባብ ባስ ጋር ይምታታል። የፐርች ሁለት የጀርባ ክንፎች ግን ጨርሶ የተለያዩ ናቸው። ሌላው ኖርዘርን ፓይክሚኖው የሚባለው ነው። ረጅም ጭንቅላት፣ ጥርስ የሌለው አፍ፣ በጥልቀት የተሰነጠቀ ጭራ አለው፤ ክንፎቹም እሾህ የላቸውም። ከዋሽንግተን ሐይቅ የተያዘ ፓይክሚኖው ከነጭራሹ እንዳይበላ የግዛቲቱ የጤና መምሪያ ስለሚመክር ይህንን መለየት ለጤናም ነው።

የት፣ መቼ፣ በምን?

አፈ ሰፊው መደበቂያ ይወዳል። የውኃ አበባ ቅጠል የሸፈነው ዳርቻ፣ የወደቀ ግንድ፣ የጀልባ ማቆሚያ ጣውላ ጥላ መኖሪያው ነው። አፈ ጠባቡ ግን ድንጋያማና ጠጠራማ ቦታ፣ ጠለቅ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይመርጣል። የሳማሚሽ ሐይቅ በአፈ ጠባብ ባስ ስሙ የታወቀ ነው። በዋሽንግተን ሐይቅ ሁለቱም ይገኛሉ፤ በሲታኩ አንግል ሌክ የሚጠበቀው አፈ ሰፊው ነው።

በምዕራብ ዋሽንግተን ግንቦትና ሰኔ የመራቢያ ጊዜያቸው ነው። ውኃው 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሞቅ፣ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ በጭራው መሬቱን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂው አባትየው ነው። በዚህ ወቅት ወደ ጎጆው የቀረበን ሁሉ ስለሚነክስ ለመያዝ ቀላል ነው። ሆኖም እርሱ ከጎጆው በተነሳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፐርችና ሌሎች ትንንሽ ዓሦች እንቁላሉን ይወርሩታል። ባስ እንዲራባ በሚፈለግበት ሐይቅ ልምድ ያላቸው አጥማጆች እንዲህ ያለውን አባት ወዲያው ይለቁታል፤ ወይም ጭርሱኑ አይነኩትም።

ሙቀቱ በሚበረታባቸው ሐምሌና ነሐሴ ባስ ዳር የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በቀትር ጥላ ሥር ወይም ጥልቅ ውኃ ውስጥ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ወይም የታክሲ ሹፌር በዚህ ረገድ ከማንም የተሻለ ሰዓት አለው። በክረምቱ ቅዝቃዜ ዓሣው ስለሚፈዝ ማባበያውን በጣም በዝግታ መጎተት ያስፈልጋል።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ፣ ክር መጠቅለያ፣ ጥቂት መንጠቆዎችና ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ የትል ቅርጾች ለጀማሪ ይበቃሉ። የመንጠቆውን ጫፍ በፕላስቲኩ ትል ውስጥ ደብቆ መጣል በቅጠልና በግንድ መካከል እንዳይያዝ ያደርጋል፤ ለአፈ ሰፊው የሚሆነው ይኸው ነው። ለአፈ ጠባቡ ክሬይፊሽ የሚመስል ማባበያ በድንጋዮች መካከል ማዝለል ያዋጣል። ባስ ሲነክስ ሁልጊዜ በኃይል አይደለም፤ አንዳንዴ ክሩ ወደ ጎን መንቀሳቀሱ ብቻ ነው የሚታየው።

የሚለቀቅን ዓሣ በእርጥብ እጅ መያዝ ይገባል፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልባሱን ያነሳበታል። የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዞ፣ በሌላው እጅ ሆዱን መደገፍ የተለመደው አያያዝ ነው። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው እንጂ አይቆርጥም።

ፈቃድና ደንብ

በዋሽንግተን ግዛት ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የያዘውን መልሶ የሚለቅም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቲቱ የዓሣና የዱር አራዊት መምሪያ ሲሆን፣ የፈቃድ ዘመኑ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። ቢያንስ ለ90 ቀናት በግዛቲቱ ቋሚ መኖሪያ የነበረው ሰው በነዋሪነት፣ ማለትም በቅናሽ ዋጋ ያገኛል። በየዓመቱ በጁን ወር በሚውል አንድ ቅዳሜና እሑድ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ስለሚፈቀድ፣ ለመሞከር ለሚፈልግ ቤተሰብ መልካም አጋጣሚ ነው።

ለረጅም ጊዜ የቆየው አጠቃላይ የሐይቆች ደንብ ሁለቱን ባሶች ለየብቻ ያያል። አፈ ሰፊ ባስ በቀን እስከ 5 መያዝ ይቻላል፤ ርዝመቱ ከ12 እስከ 17 ኢንች፣ ማለትም ከ30 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን መለቀቅ አለበት፤ ከ17 ኢንች በላይ የሚፈቀደውም አንድ ብቻ ነው። አፈ ጠባብ ባስ በቀን እስከ 10 ሲፈቀድ፣ ከ14 ኢንች በላይ የሚሆነው ከአንድ መብለጥ የለበትም። 15 ኢንች የሆነ ዓሣ ይዞ የቆመ ሰው፣ አፈ ሰፊውን ከአፈ ጠባቡ መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይገባዋል፤ አንደኛው የተፈቀደ፣ ሌላው የተከለከለ ነው።

ይህ ደንብ ግን በሁሉም ውኃ አይሠራም። ምክንያቱ ሳልመን ነው። ከሐይቆቹ ወደ ባሕር የሚወርዱ የሳልመን ጫጩቶች እአአ በ1917 በተመረቀው የዋሽንግተን ሐይቅ የመርከብ ቦይ በኩል ያልፋሉ። ቦዩ ጠባብና በሙቀት ጊዜ የሚሞቅ በመሆኑ ለባስ ምቹ ማድፊያ ነው። በአካባቢው ያለው ቺኑክ ሳልመን ከ1999 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተመዝግቧል፤ እርሱን የሚመገቡት የፒውጄት ሳውንድ ኦርካዎችም ከ2005 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ናቸው። በ2018 አንዲት ኦርካ የሞተ ግልገሏን ለ17 ቀናት ተሸክማ ስትዋኝ ዓለም ተመልክቷል። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ሳልመን በሚያልፍባቸው በርካታ ወንዞችና ሐይቆች በባስ ላይ የነበረው ገደብ እንዲላላ ተደርጓል።

ስለዚህ አንዱ ሐይቅ ዳር ባስን መልቀቅ ጨዋነት ሲሆን፣ ሌላው ዳር መንግሥት ራሱ "ያዙልኝ" ይላል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚከለስ ከቤት ከመውጣት በፊት የሚሄዱበትን ውኃ ስም በመምሪያው የደንብ መጽሐፍ ወይም "ፊሽ ዋሽንግተን" በሚባለው የስልክ መተግበሪያ መመልከት ያሻል። በሕይወት ያለን ዓሣ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ወስዶ መልቀቅ ግን በየትኛውም ቦታ ወንጀል ነው።

ወደ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት

የባስ ሥጋ ነጭ፣ ስብ የማይበዛበትና ጠንከር ያለ ነው። ለጉላሽም፣ ለለብለብም፣ ተከትፎ ለዱለትም ይሆናል። ከቆሮሶ ጋር ላደገ ምላስ እንግዳ አይደለም። ቆዳው አንዳንዴ የጭቃ ጣዕም ስለሚኖረው ብዙዎች ገፈው ያወጡታል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሜርኩሪ ምክንያት ነው። ከድንጋይ ከሰል ቃጠሎና ከሌሎች ምንጮች ወደ አየር የሚወጣው ሜርኩሪ ከዝናብ ጋር ወደ ሐይቆች ይወርዳል። በሐይቁ ወለል ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባለው መርዛማ ዓይነት ይቀይሩታል። ደቂቅ ነፍሳት ይወስዱታል፤ ትንንሽ ዓሦች ነፍሳቱን፣ ባስ ደግሞ ትንንሾቹን ዓሦች ይበላል። በየደረጃው ክምችቱ ይጨምራል። ባስ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ትልቁ ዓሣ ብዙ ጊዜ ብዙ ሜርኩሪ ያለበት ነው።

የዋሽንግተን ግዛት የጤና መምሪያ ሁለቱንም ባሶች በወር ከ2 ጊዜ በላይ አለመብላትን ይመክራል። የአዋቂ አንድ ጊዜ ማለት ሳይበስል 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ገደማ ነው፤ የልጅ ድርሻ ከዚህ ያንሳል። ምክሩ በተለይ የሚመለከተው ነፍሰ ጡሮችን፣ ማርገዝ የሚችሉ ሴቶችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና ሕጻናትን ነው፤ ሜቲል ሜርኩሪ በማደግ ላይ ያለን አንጎልና የነርቭ ሥርዓት ይጎዳልና።

በእኛ ቤት ይህ ቁጥር በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በፍልሰታ 15 ቀናት ዓሣ የሚያዘወትሩ ቤተሰቦች መኖራቸው የታወቀ ነው። ጾሙ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ዓሣ የሚጠመድበት ጥሩ ወቅት ላይ ይወድቃል። ማቀዝቀዣው በባስ የተሞላ ቤት የወሩን መጠን በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ይችላል።

ሜርኩሪ በሎሚ ማጠብ፣ በበርበሬ ማሸት ወይም በደንብ መጥበስ አያስወግደውም። የሚቀመጠው ራሱ ሥጋው ውስጥ ነው። ፒሲቢ የሚባሉት በዋሽንግተን ሐይቅ ዓሦች ላይ የሚገኙት የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች ግን በስብና በቆዳ ስለሚከማቹ፣ ቆዳውን መግፈፍ፣ የሆዱንና የጀርባውን ስብ መቁረጥ፣ ስቡ ተንጠባጥቦ እንዲወርድ በፍርግርግ ላይ መጥበስ ይቀንሳቸዋል። ሙሉውን ዓሣ ከነቆዳው በዘይት መጥበስ፣ ብዙዎቻችን ከሐዋሳና ከዝዋይ ዳር ይዘነው የመጣነው ልማድ፣ ለዚህ ሐይቅ ዓሣ የሚመከር አይደለም።

ይህ ማለት ዓሣ አይበላም ማለት አይደለም። የጤና መምሪያውም ዓሣን ከነጥቅሙ ይመክራል፤ የሚያስጠነቅቀው በምርጫው ላይ ነው። አንግል ሌክን ጨምሮ በበርካታ ሐይቆች መምሪያው አሳድጎ የሚለቀው ሬይንቦ ትራውት በሐይቁ ብዙ ዓመት ስለማይቆይ የሚሰበስበው ሜርኩሪ አነስተኛ ነው። ባስ መብላት ለሚፈልግም ከ12 ኢንች በታች ያለው ይሻላል፤ ጣዕሙም የተሻለ፣ ሜርኩሪውም ያነሰ፣ አጠቃላይ ደንቡም የሚፈቅደው ነው። ለፎቶግራፍ የሚያምረውን ትልቁን ዓሣ በተመለከተ፣ ነፍሰ ጡርና ሕጻናት ባሉበት ቤት ከፎቶግራፉ በላይ ባይቀርብ ይመረጣል።